የነጣ ጥቁር ፕላስቲክ ማጥቆሪያዎች፦ የትኛው እጥበት ይችላል?

አሮጌ መኪና ላይ የአካሉ ቀለም ገና ደህና ሆኖ ሳለ ፓራውልቱ፣ የፓራፋንጎው ጠርዝ፣ የስፖኪዮው እግርና ከፊት መስታወት ሥር ያለው ጥቁር ፕላስቲክ አመድ ሲመስል መኪናው ከዕድሜው በላይ ያረጀ ይመስላል። ለዚህ ተብሎ የሚሸጠው ማጥቆሪያ ደግሞ ብዛቱ! ክሬሙ አለ፣ ስፕሬዩ አለ፣ በጠብታ የሚለካው አለ፣ በተነከረ ጨርቅ ታሽጎ የሚመጣው አለ። የሁሉም ጠርሙስ «እንደ አዲስ ያደርጋል» ይላል። በተቀባበት ዕለት የሁሉም እውነት ነው፤ ቅባት የነካው የነጣ ፕላስቲክ መጥቆሩ አይቀርምና። ስለዚህ እዚህ የምንመዝናቸው በመጀመሪያው ቀን መልካቸው አይደለም። ከአሥር እጥበት በኋላ ምን ይቀራል፣ ሲለቅ እንዴት ይለቃል፣ ከለቀቀ በኋላስ ሌላ ነገር ለመቀባት ያስችላል ወይ የሚለው ነው መለኪያው።

ፕላስቲኩ ምን ሆኖ ነው የነጣው?

ብዙዎች «ቀለሙ ለቀቀ» ይላሉ። አለቀቀም። ቀለም ያልተቀባው ፓራውልትና የጎን ልባስ በአብዛኛው የሚሠራው ፖሊፕሮፒሊን ከሚባለው ፕላስቲክ ነው። ክፍሉ ሲፈታ ጀርባው ላይ በላቲን ፊደል ፒፒ የሚል ማኅተም ይገኛል። ብዙ ጊዜ ኢፒዲኤም የሚባለው ጎማ ተቀላቅሎበታል፤ ቀጥሎ ቲ20 የሚል ከታየ 20 በመቶ የታልክ ዱቄት አለበት ማለት ነው። ጥቁረቱን የሚሰጠው የካርበን ጥላሸት ከላይ የተቀባ ሳይሆን ከፕላስቲኩ ጋር አብሮ የተቦካ ነው።

የፀሐይ አልትራቫዮሌት ጨረር የላይኛውን ስስ ገጽ ይበጣጥሰዋል። ገጹ ይደርቃል፣ በዓይን የማይለይ ስንጥቅ ይወጣበታል፣ በውስጡ ታቅፎ የነበረው ታልክም ብቅ ይላል። በዚህ ሻካራ ገጽ ላይ ያረፈ ብርሃን በየአቅጣጫው ይበተናል፤ የተበተነ ብርሃን ለዓይን ነጭ ነው። ጥርት ያለ ብርጭቆ ሲደቅ ነጭ ዱቄት የሚመስለውም በዚሁ ምክንያት ነው። ጥቁሩ ከሥር እንዳለ አለ፤ የሸፈነው የተሰነጣጠቀው ገጽ ነው። ማጥቆሪያ ሁሉ፣ ስሙ ምንም ይሁን ምን፣ ከሦስት ነገሮች አንዱን ያደርጋል፦ ስንጥቁን በቅባት ይሞላል፣ ወደ ስንጥቁ አዲስ ጥቁር ቀለም ያስገባል፣ ወይም ከላይ ደርቆ የሚቀር ሽፋን ያለብሳል። የዕድሜያቸው ልዩነት ከዚህ ይመጣል።

ከመግዛታችሁ በፊት የሚደረግ አንድ ፈተና አለ፤ ምንም ወጪ የለውም። ፕላስቲኩን በሳሙና አጥባችሁ አድርቁትና ውሃ አርከፍክፉበት። ውሃው ዘርጋ ብሎ ፕላስቲኩ ወጥ ሆኖ ከጠቆረ ጉዳቱ ቀላል ነው፤ ውሃው ለጊዜው የሠራውን ሥራ ማንኛውም ጥሩ ሽፋን በዘላቂነት ይሠራዋል። ውሃ ጠጥቶም ቦታ ቦታው ላይ ነጭ ዥንጉርጉር ሆኖ ከቀረ ወይ የደረቀ ሰምና ፖሊሽ በሻካራው ገጽ ውስጥ ተቀርቅሯል፣ ወይ ታልኩ በብዛት ወጥቷል። በጣት አሹትና እዩ፤ ጣት ላይ ዱቄት ከቀረ ሁለተኛው ነው። ውሃው ሳይዘረጋ እንክብል እንክብል ካለ ደግሞ ከቀድሞ ማጥቆሪያ የቀረ ሲሊኮን ገና አልወጣም፣ ማለትም ገና አልታጠበም።

ሁለት ነገር እዚሁ ላይ አጣሩ። አንደኛው፣ ክፍሉ ቀለም የተቀባ እንዳይሆን። የበር ምሰሶ ላይ ያለው የሚያብረቀርቅ ጥቁር፣ አንዳንድ የስፖኪዮ ሽፋንና የበር እጀታ ከፋብሪካ የተቀቡ ናቸው፤ ሲያረጁ እንደ ቅርፊት ይላጣሉ እንጂ አመድ አይመስሉም። እነዚህ ላይ የትኛውም ማጥቆሪያ ዋጋ የለውም፤ መፍትሔው ገፍፎ መቀባት ነው። ሁለተኛው፣ ከመጀመሪያውም ግራጫ ሆኖ የተሠራ ፕላስቲክ አለ። በሩን ከፍታችሁ ወይም ከመብራቱ ጥግ ሥር ፀሐይ አግኝቶት የማያውቀውን ቦታ ተመልከቱ፤ እሱ ነው ትክክለኛው ቀለም። ግራጫውን ልባስ በጥቁር ማጥቆሪያ ካሹት በኋላ መመለስ የለም።

እጥበቱ

የሥራው ሰባ በመቶ እዚህ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። «ይሄ ማጥቆሪያ በሳምንቱ ለቀቀ» የሚለው ቅሬታ ሲመረመር አብዛኛውን ጊዜ ማጥቆሪያው ያረፈው በፕላስቲክ ላይ ሳይሆን በድሮ ሲሊኮን ላይ ሆኖ ይገኛል። ከሥር ያለው ሲታጠብ የላዩም አብሮ ይሄዳል።

መጀመሪያ ከፕላስቲኩ ጋር የሚዋሰነውን የአካል ቀለም በወረቀት ፕላስተር ሸፍኑ። ዘይት የሚቆርጥ ጠንካራ የመኪና ማጽጃ አንድ እጅ ለአራት እጅ ውሃ በጥብጡና ጥላ ሥር ቀዝቃዛ ፕላስቲክ ላይ ንፉበት። ከሁለት ደቂቃ በላይ አታቆዩት፤ መድረቅ የለበትም። መካከለኛ ጥንካሬ ባለው የናይሎን ብሩሽ በክብ በክቡ ፈትጉ፤ ጨርቅ የሻካራው ገጽ ጉድጓድ ውስጥ ስለማይገባ ብሩሹን አይተካም። አረፋው ቡናማ ወይም ግራጫ ሆኖ ይወርዳል። አለቅልቁና ድገሙት። አረፋው ነጭ ሆኖ እስኪወርድ ድረስ ሦስትና አራት ጊዜ መደጋገም የተለመደ ነው።

የደረቀ ሰም ነጭ ጭረት ሆኖ ከቀረ ነጭ የእርሳስ ላጲስ ይነቅለዋል፤ ቀስ ብሎ ወደ አንድ አቅጣጫ ማሸት ብቻ ነው። የለውዝ ቅቤ ይለቀዋል የሚለውም ወሬ ሐሰት አይደለም፤ ዘይቱ ሰሙን ያላላዋል፣ ደቃቁ ለውዝ ይፈትገዋል። ችግሩ ከዚያ በኋላ የለውዝ ዘይት ከፕላስቲኩ ለማውጣት ሌላ ዙር እጥበት መጠየቁ ነው፤ ላጲሱ ይሻላል። ነጩ የሜላሚን ስፖንጅ ለስላሳ ገጽ ላይ ይሠራል፤ ግን እሱ ራሱ ደቃቅ የብርጭቆ ወረቀት መሆኑን አትርሱ። ሻካራ ገጽ ላይ አጥብቃችሁ ከተጫናችሁት የጉብታዎቹን ጫፍ ይልጠውና ከዚያ በኋላ ምንም ብትቀቡት ያ ቦታ ከሌላው ተለይቶ ያብለጨልጫል።

በመጨረሻ አይሶፕሮፒል አልኮልን ከውሃ ጋር እኩል በእኩል አድርጋችሁ በማይክሮፋይበር ጨርቅ ጥረጉ። ጨርቁ ንጹሕ ሆኖ እስኪወጣ ድረስ ገጹ ዝግጁ አይደለም። ቤንዚን፣ ቲነርና አሴቶን ይቅርባችሁ። ቤንዚን ፖሊፕሮፒሊንን ያሳብጠዋል፤ ለጊዜው ጠቁሮ ስለሚታይ ሰዎች የሠራ ይመስላቸዋል። ቲነር አጠገቡ ያለውን ቀለም ያበላሻል። አሴቶን ደግሞ ክፍሉ ኤቢኤስ ከሚባለው ፕላስቲክ የተሠራ ከሆነ ፊት ለፊታችሁ ያቀልጠዋል።

ማድረቅ የሚናቅ ነገር ይመስላል እንጂ ብዙ ሥራ የሚበላሸው እዚያ ነው። ውሃ ፕላስቲኩ ከአካሉ ጋር በሚገጥምበት ስንጥቅ ውስጥ ተደብቆ ይቆይና ሽፋኑን እየቀባችሁ ሳለ ጠብ ይላል፤ በደረቀ ማግስት እዚያ መስመር ላይ እንባ የወረደ የሚመስል ነጭ ምልክት ይቀራል። አየር መንፊያ ካለ በእሱ፣ ከሌለ በሮቹን ከፍቶና ዘግቶ ውሃውን ማራገፍና ቢያንስ አንድ ሰዓት መጠበቅ ነው።

የሚነፋ ሙቀት

ሂት ጋን (ሞቃት አየር የሚነፋ መሣሪያ) ይዞ ግራጫውን ፕላስቲክ በሰከንድ ጥቁር ማድረግ ለቪዲዮ የተፈጠረ ትዕይንት ነው። «በውስጡ ያለው ዘይት ወደ ላይ ይወጣል» የሚለው ማብራሪያ ግን ልክ አይደለም። ፖሊፕሮፒሊን በ160 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ይቀልጣል፤ ሂት ጋኑ ደግሞ ከዚያ እጅግ የበለጠ ሙቀት ይነፋል። የሚሆነው ነገር የተሰነጣጠቀው ስስ ገጽ ቀልጦ እንደገና መግጠሙ ነው። ብርሃን መበተኑ ይቀራል፣ ጥቁሩም ይወጣል።

ነገር ግን ያ ገጽ ከፀሐይ የሚከላከለው ነገር አልተጨመረለትም፤ የተበጣጠሰው የፕላስቲኩ የሞለኪውል ሰንሰለትም አልተቀጠለም። ስለዚህ ተመልሶ ይነጣል፣ ብዙ ጊዜም ከመጀመሪያው ፈጥኖ። ሲደጋገም ደግሞ የገጹ ሸካራነት እየለሰለሰ ይጠፋል። ከዚያ በላይ የሚያሰጋው ሥራው የእጅ ሚዛን መጠየቁ ነው። አንድ ቦታ ላይ ሁለት ሰከንድ ብትዘገዩ ይብለጨለጫል፤ አምስት ሰከንድ ብትዘገዩ ይጎብጣል፤ ከጀርባው ክሊፕ ያለበት ቦታ ደግሞ ሰምጦ ይቀራል። ከቀለም ጋር የሚዋሰን ጠርዝ ላይ ቀለሙ ይነፋል። ሌላ ምንም በማይረዳው፣ ተፈትቶ ብቻውን ጠረጴዛ ላይ በሚሠራ ትንሽ ክፍል ላይ ካልሆነ አይመከርም። ከተሠራም ወዲያውኑ ጸሐይ የሚከላከል ሽፋን ሊከተለው ይገባል። በእሳት ነበልባል የሚያደርጉትን ግን አትከተሉ።

ቅባቶቹ

አርመር ኦል፣ 303፣ ማዘርስ ባክ ቱ ብላክና ሜጓየርስ አልቲሜት ብላክ የሚባሉት ምርቶች በአንድ መደርደሪያ ላይ ቢቀመጡም አንድ አይደሉም። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ በውሃ የተበጠበጡ ቀጫጭን ፈሳሾች ናቸው፤ ቀብቶ፣ አሽቶ፣ ትርፉን መጥረግ ነው። 303 በተለይ ከዘይታማዎቹ የሚለየው ሲደርቅ የማያጣብቅና ለጨረር መከላከያ ተብሎ የተሠራ መሆኑ ነው፤ ግን አምራቹ ራሱ በየጥቂት ሳምንቱ መደገም አለበት ይላል። ይህ ለነጣ ፕላስቲክ መድኃኒት ሳይሆን ላልነጣ ፕላስቲክ ጠባቂ ነው። በዚያ ሥራው ጎበዝ ነው፤ ከዚያ ውጭ መጠበቅ እሱን መበደል ነው።

ሁለቱ ክሬሞች ወፈር ያሉ ናቸው፣ ወደ ስንጥቁም የተሻለ ይገባሉ። መካከለኛ ንጣት ያለበት ፓራውልት ላይ ጥሩ ጥቁር ይሰጣሉ፤ በዝናብና በእጥበት ግን ቀስ በቀስ ይሄዳሉ። የሚሄዱትም ወጥ ሆነው ስለሆነ አያስቀይሙም፤ መድገምም ቀላል ነው። ከሁሉም ይልቅ ስህተትን ይቅር የሚሉ እነዚህ ናቸው። እጃችሁን ለማፍታታት ከፈለጋችሁ በክሬም ጀምሩ።

ጥርት ብሎ እንደ ዘይት የሚንቆረቆረው፣ በአኳራጅ መሰል ሟሟ የተሠራው የሲሊኮን ቅባት ግን ከዚህ ክፍል ደካማው ነው። እንደ መስታወት ያብረቀርቃል፤ አቧራውን ሁሉ ይሰበስባል፤ በመጀመሪያው ዝናብ መስመር እየሠራ ወደ አካሉ ቀለም ይወርዳል። ከዚህ የባሰው ጉዳቱ ሌላ ነው፤ መኪናው ወደፊት ቀለም የሚነካካ ከሆነ የቀረ ሲሊኮን አዲሱን ቀለም እንደ ዓሣ ዓይን ክብ ክብ እያደረገ ያበሳዋል። ቀለም ቀቢዎች ሲሊኮን ሲሰሙ የሚቆጡት ያለ ምክንያት አይደለም።

ከቤት የሚወጣውን በአጭሩ እንለፈው። የምግብ ዘይት ይቆመጥጣል፣ ይጣበቃል፣ አቧራ ይይዛል። የጫማ ቀለም የተደገፈውን ሰው ልብስ ያበላሻል። ደብሊው ዲ 40 ለሥራው አልተሠራም፤ ይተናል፣ አብሮትም ጥቁረቱ ይሄዳል። ከእነዚህ ሁሉ በእውነት የሚሠራው የተልባ ዘይት ነው፤ ምክንያቱም ከአየር ኦክስጅን ጋር ተዋህዶ ወደ ጠንካራ ስስ ሽፋን ይለወጣል። እጅግ ስስ ተደርጎ ተቀብቶ ትርፉ በደረቅ ጨርቅ ካልተጠረገ ግን ለቀናት ያጣብቃል፤ ያረፈበትን አቧራም ይዞ ይደርቃል። ደግሞ አንድ ከባድ አደጋ አለው፦ የተልባ ዘይት የነካው ጨርቅ ተጨባብጦ ከተጣለ በራሱ ሙቀት ሊቀጣጠል ይችላል። ጨርቁ ውጭ ተዘርግቶ ይድረቅ፣ ወይም ውሃ ውስጥ ይነከር።

ቀለም የሚያስገቡት

የዚህ ቤተሰብ ስመ ጥር ሶሉሽን ፊኒሽ ነው። በ30 ሚሊ ሊትር ትንሽ ጠርሙስ ይሸጣል። ጠርሙሱን ያየ ሰው መጠኑን ሊያላግጥበት ይችላል፤ ግን በጠብታ ነው የሚሠራው። ፈሳሹ ራሱ ጥቁር ነው፤ ወደ ስንጥቁ የሚያስገባው ቅባት ብቻ ሳይሆን ቀለም ስለሆነ ታልኩ በወጣበት፣ ክሬሙ ግራጫ ላይ የሚያብረቀርቅ ግራጫ ባደረገበት ፕላስቲክ ላይ ልዩነቱ ጎልቶ ይታያል። በጣም ለነጣ ፕላስቲክ፣ ስፕሬይ ቀለም ሳይነፋበት የሚሠራ ነገር ከተፈለገ፣ የእኛ ምርጫ ይህ ነው።

አሠራሩ፦ ጠርሙሱን በደንብ ናጡ፤ ቀለሙ ወደ ታች ይዘቅጣል። ጓንት አድርጉ፣ ካላደረጋችሁ ጥፍራችሁ ሥር ለቀናት ይቆያል። ጠጠር ባለ የአረፋ መቀቢያ ላይ አራት ወይም አምስት ጠብታ አድርጉና አንድ ክንድ የሚያህል ርዝመት ላይ በመጀመሪያ በክብ፣ ቀጥሎ ወደ ጎን፣ ቀጥሎ ወደ ላይና ወደ ታች አሹ። ዓላማው መቀባት ሳይሆን ማስገባት ነው። ወዲያው በንጹሕ ጨርቅ አጥብቃችሁ ጥረጉ። ጨርቁ ላይ ብዙ ጥቁር ከወጣ መጠኑ በዝቷል። ፕላስቲኩ ጠጥቶ ከጨረሰና አሁንም ገረጣ ካለ ሁለተኛ ዙር ይደገማል፤ ሦስተኛ የሚያስፈልገው እምብዛም ነው።

የሚበላሸው በሁለት መንገድ ነው። አንደኛው ትርፉን አለመጥረግ ነው፤ ያልገባው ፈሳሽ ላይ ላዩን ተኝቶ ይቀርና አቧራ ይይዛል፣ በነካው ልብስ ላይም ይታተማል። ሁለተኛው ቀዳዳና መጋጠሚያ ነው። ስፖኪዮው ከበሩ ጋር በሚገናኝበት ጠባብ ቦታ የገባ ጠብታ በማግስቱ በነጭ በር ላይ ጥቁር መስመር ሆኖ ይወርዳል። እዚያ በአረፋ ሳይሆን በጥጥ ጫፍ ሥሩ። ቀለም ላይ ያረፈውን ሳይደርቅ በአልኮል ጥረጉ።

የሴራሚክ ሽፋኖች

እዚህ ሦስት ስም ይነሳል፦ ሴራኮት፣ ጂቴክኒክ ሲ4ና ካርፕሮ ዲሉክስ። ሁለቱ የኋለኞቹ በትናንሽ ጠርሙስ የሚመጡ ሲሆን ሴራኮት ደግሞ ለየብቻ በታሸጉ 10 የተነከሩ ጨርቆች ይመጣል፤ አምራቹ ከ200 እጥበት በላይ ይቆያል ብሎ ዋስትና ይሰጣል። ሁሉም ከላይ ደርቀው ይጠነክራሉ፣ በሳሙና አይሄዱም። በጽናት ክሬም አይወዳደራቸውም።

ነገር ግን አንድ ነገር በግልጽ ይነገር፤ ቀለም የላቸውም። የሚያጠቁሩት ውሃው እንደሚያጠቁረው ነው። የውሃው ፈተና ላይ ወጥ ሆኖ የጠቆረ ፕላስቲክ በሴራሚክ ያምራል፤ ዥንጉርጉር ሆኖ የቀረው ግን በሴራሚክም ዥንጉርጉር ይሆናል። ልዩነቱ አሁን ዥንጉርጉሩ መታሸጉ ነው። በሴራሚክ የሚማረሩ ሰዎች ቅሬታ ብዙውን ጊዜ ከዚህ የመጣ ነው። ፈተናውን ሳያልፍ ለመጣ ፕላስቲክ የተሳሳተ ዕቃ ገዝተዋል።

ቀለም አስገቢውን ከሥር፣ ሴራሚኩን ከላይ ማድረግ የሚያጓጓ ሐሳብ ነው። የሚያስቸግረው የመጀመሪያው ዘይታማ መሆኑ ነው፤ ሴራሚክ በዘይት ላይ አይዝም። በአንድ ቀን ሁለቱን ማድረግ ሁለቱንም ማባከን ነው። የግድ ከሆነ ቀለሙ ከገባ በኋላ ጥቂት ሳምንታት መኪናው በመደበኛ እጥበት ይቆይ፣ ከዚያ ገጹ በአልኮል ቀለል ተደርጎ ይጠረግ። ጨርቁ ላይ ብዙ ጥቁር ከወጣ ጊዜው ገና ነው።

ሲቀባ ፕላስቲኩ ቀዝቃዛ፣ ቦታው ጥላ መሆን አለበት። ፀሐይ የመታው ጥቁር ፕላስቲክ እጅ ያቃጥላል፤ ሽፋኑ ሳይዘረጋ ይደርቅበታል። የሴራኮትን ጨርቅ ከመቅደዳችሁ በፊት ሁሉም ክፍል ታጥቦ፣ ደርቆ፣ በፕላስተር ተከቦ ይጠብቅ፤ የተከፈተ ጨርቅ በደቂቃዎች መድረቅ ይጀምራልና። ትልቅ ፓራውልት ብቻውን ከአንድ በላይ ጨርቅ ሊወስድ ይችላል። ዙሪያውን ወፍራም ልባስ ላለው መኪና አሥሩም ሊያልቁ ስለሚችሉ ከሚታየው ክፍል ጀምሩ፣ የተደበቀውን ለመጨረሻ ተዉት። ጠርሙሶቹን በትንሽ ስፖንጅ ላይ ጠብ እያደረጋችሁ ከ30 እስከ 40 ሴንቲ ሜትር እየከፋፈላችሁ ሂዱ። አንድ ክፍል መሃል ላይ አታቁሙ፤ ማቆሚያው የክፍሉ መጋጠሚያ ይሁን። ወዲያው ጎንበስ ብላችሁ በመብራት እዩና ወፍራም የቀረውን ቦታ በደረቅ ጨርቅ አስተካክሉ።

ያልተስተካከለ ቦታ ሲደርቅ እንደ ቀስተ ደመና ወይም እንደ ጠቆረ ጥፍጥፍ ይታያል። በዚህ ጊዜ አልኮል አይረዳም፤ በመፈተግ ብቻ ይነሳል፣ ፍተጋ ደግሞ ሻካራውን ገጽ ይነካል። ጥንካሬው በጎም ክፉም የሚሆነው እዚህ ላይ ነው። ቢያንስ አንድ ቀን ሙሉ ውሃ አይንካው፤ እርጥበት ያለው የጠዋት ጤዛም ውሃ ነው። የከፈታችሁትን ጠርሙስ ለከርሞ አታስቀምጡ፤ ከአየሩ እርጥበት ጋር እየተዋሃደ ጠርሙሱ ውስጥ ይጠነክራል። የተጠቀማችሁበትን ጨርቅም ለሌላ ነገር አትጠቀሙ፤ ሲደርቅ ጠንክሮ ቀለም ይጭራል።

መቀባት

ፕላስቲኩ የተቧጨረ፣ ቀድሞ በማይታወቅ ነገር የተቀባ፣ ወይም በጣት ሲታሽ ማብቂያ የሌለው ዱቄት የሚሰጥ ከሆነ ስፕሬይ ቀለም ነው የሚቀረው። ለዚህ ተብሎ የሚሠራ ከፊል ደብዛዛ የትሪም ጥቁር አለ፤ የሚያብረቀርቅ ጥቁር አትግዙ፣ የፋብሪካ ፕላስቲክ አያብረቀርቅም። ፖሊፕሮፒሊን ቀለም በቀላሉ አያስይዝም። ስለዚህ ከቀለሙ በፊት የፕላስቲክ ማጣበቂያ ፕራይመር የግድ ነው። እሱን መዝለል ማለት ከአንድ ዝናብ ወቅት በኋላ በጥፍር የሚላጥ ቀለም ማለት ነው።

ገጹን በግራጫ የናይሎን መፋቂያ ቀለል አድርጋችሁ ሻክር አድርጉት፤ የብርጭቆ ወረቀት የፋብሪካውን ሸካራነት ያጠፋል። በአልኮል ጥረጉ። ፕራይመሩን ስስ አድርጉና ጣሳው ላይ በተጻፈው ጊዜ ውስጥ ቀለሙን ከ20 እስከ 25 ሴንቲ ሜትር ርቀት ንፉበት። ሦስት ስስ ዙር ከአንድ ወፍራም ይበልጣል፤ በየዙሩ መካከል 10 ደቂቃ ያህል ጠብቁ። ወፍራም ዙር ሸካራነቱን ሞልቶ ገጹን ፕላስቲክ ሳይሆን የቀለም ጣሳ ያስመስለዋል። የሚፈታ ክፍል ተፈትቶ ይቀባ። ፓራውልት ግን ቦታው ላይ ቢቀባም የሚጠብቀው ነገር ያው ነው፤ ትንሽ ሲገጭ ፕላስቲኩ ይታጠፋል፣ ቀለሙ አይታጠፍም፣ ስለዚህ ጥጉ ላይ ይሰነጠቃል። ለስፖኪዮ እግርና ከፊት መስታወት ሥር ላለው ሽፋን ቀለም ጥሩ ምርጫ ነው፤ ለፓራውልት ጥግ የመጨረሻው ነው።

ያንን ከመስታወት ሥር ያለውን ሽፋን በተመለከተ አንድ ማስጠንቀቂያ። ከመኪናው ሁሉ ፀሐይ አብዝቶ የሚመታው እሱ ነው፤ የኮፈኑም ሙቀት ከሥሩ ይደርሰዋል። ለመቀባት ስትፈቱት ክሊፖቹ እንደ ደረቅ ብስኩት ይሰባበራሉ። ምትክ ክሊፕ ሳትይዙ አትንኩት፤ በቀዝቃዛ ጠዋት ሳይሆን ሞቅ ባለ ሰዓት ፍቱት፣ የዝናብ መጥረጊያውን ክንድ ከማውጣታችሁ በፊትም የቆመበትን ቦታ በፕላስተር መስታወቱ ላይ ምልክት አድርጉበት። የመስታወቱ ጠርዝ ላይ ያለው ለስላሳ ጎማ ሌላ ዓይነት ነገር ነው፤ ቀለም አስገቢም ሴራሚክም አትቀቡበት። ለእሱ በውሃ የተሠራው 303 ይበቃዋል።

ከተሠራ በኋላ የሚያበላሸው ብዙውን ጊዜ የአካል ሰም ነው። መኪናውን ፖሊሽ ወይም ሰም ስታደርጉ ፕላስቲኩን እንደገና በፕላስተር ክበቡት፤ ነጩ ቅሪት ሸካራው ገጽ ውስጥ አንዴ ከደረቀ ወደ ላጲሱ ትመለሳላችሁ። በክሬም የተሠራውን በተለመደ የመኪና ሻምፖ እጠቡ፤ ያ አንድ እጅ ለአራት የተበጠበጠው ጠንካራ ማጽጃ በሁለት እጥበት ያወጣዋል። ሴራሚኩን አያወጣውም፤ ቀለም አስገቢውን ግን በየጊዜው ያገረጣዋል። ክሬሙን በየወሩ ግድም፣ ቀለም አስገቢውን ደግሞ የውሃው ፈተና እንደገና ግራጫ ባሳየበት ቦታ ላይ ብቻ፣ ሁለት ጠብታ አድርጎ መድገም ይበቃል።